ፈተና የወደቀ ጠረጴዛ

ቲራና ቪጎ አብረው መኖር ከጀመሩ ሰባት ወር ሆኗቸዋል፤ ሰባቱንም ወር የበሉት ለሽርሽር በሚዘረጋ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛው ሁለት ሳህንና አንድ ድስት ይችላል። እንግዳ ከመጣ ዳቦው መስኮት ደፍ ላይ፣ ቅቤው ምድጃ ጥግ ይቀመጣል። የቪጎ ወጥ ቤት ሰፊ ነው፤ ስምንት ሰው ያለ ጭንቅ ያስቀምጣል። መሐሉ ግን ባዶ ነበር። ቲራ ጧት ጧት ቡና ልታፈላ ስትገባ ያንን ባዶ ቦታ ዞራ ታልፈዋለች፤ ሰው የተኛበት ይመስል።

ያን ቅዳሜ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ወረቀት ነበረ። የላከው ስቬንቦርግ ያለው የቤቶች ማኅበር ነው። ቲራ ከቪጎ ጋር ልትኖር ወደ ፎቦርግ ስትመጣ የራሷን ባለ ሁለት ክፍል ቤት አልለቀቀችም፤ ለአንዲት ተማሪ ለጊዜው ሰጥታት ነበር የመጣችው። አሁን ተማሪዋ ልትወጣ ነው፤ ማኅበሩም ቁርጡን ጠየቀ። ወይ ትመለሽበታለሽ፣ ወይ ፈርመሽ ትለቂዋለሽ፤ መልሱ እስከ ሰኞ ይድረሰን። እዚያ ከተማ ቤት አንዴ ከእጅ ከወጣ ተራ መጠበቁ የዓመታት ነገር ነው። ቲራ ደግሞ ስልሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ተራ ስትጠብቅ የምታሳልፈው ትርፍ ዓመት የላትም።

ወረቀቱን ለቪጎ አላሳየችውም። በልቧ ብቻ ቆረጠች። ዛሬ ጠረጴዛ ገዝተን ከገባን እፈርማለሁ፤ ዛሬም ባዶ እጃችንን ከተመለስን ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር የልጅ ዕጣ እንደሚመስል ታውቀዋለች። ግን ነገሩ የጠረጴዛ ብቻ አልነበረም።

የተዋወቁት በክረምት ባሕር ከሚገቡት ሰዎች ማኅበር ውስጥ ነው። ቪጎ ከበረዶው ውኃ ሲወጣ እንደሌላው ሰው አይጮህም፤ ፎጣውን በሥርዓት አጥፎ፣ ካልሲውን ቀኙን ከግራው ለይቶ ይለብሳል። ቲራ መጀመሪያ የወደደችው ይህንን ነው። አብረው ለመኖር ሲስማሙ አንድ ውል ገቡ፤ የበፊት ትዳራችንን ጠረጴዛ ይዘን አንገባም፣ የአንዳችንም አይሁን፣ አንድ የሁለታችን የሆነ እንግዛ። የእሷን ልጇ ወሰደው፤ የእሱን ልጁ ወሰደችው። ሐሳቡ ያማረ ነበር። ቲራ የረሳችው ነገር ቪጎ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ እንደነበረ ነው።

ከኅዳር እስከ ግንቦት ሃያ ስድስት ቦታ ሄደዋል። ኦደንሰ ካለው ትልቅ መደብር ውስጥ ቪጎ አንድ ጠረጴዛ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ጥፍር ተጫን አድርጎ፣ «ወረቀት ነው» አለ፤ ሻጩ አጠገቡ ቆሞ እየሰማ። ሻጩ፣ «የኦክ እንጨት ነው እኮ» ቢለው፣ «የኦክ ፎቶግራፍ ነው» ብሎ መለሰ። ኒቦርግ ውስጥ ጠረጴዛው ደህና ነበር፤ ቪጎ ግን ሻጩን አስተባብሮ ገለበጠውና እግሮቹ የተያዙት በኮላ ብቻ መሆኑን አየ። «ኮላ ማለት ተስፋ ነው» አለ፤ «ብሎን ደግሞ ቃል ነው። እንጨት ከእንጨት ወንድና ሴት ሆኖ ሲገጥም ነው ጋብቻ የሚባለው።» ጥንታዊ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ዘንድ ደግሞ፣ ነቀዝ የበላው የሚመስል የጠረጴዛ እግር ሲያይ ከኪሱ ቀጭን ሽቦ አውጥቶ ቀዳዳው ውስጥ ሰደደ። ሽቦው ቀጥ ብሎ ገባ። «ነቀዝ እየተጠማዘዘ ነው የሚበላው» አለ ቪጎ፣ «ያረጀ እንዲመስል ይሄን የበላው መሰርሰሪያ ነው።» ሰውዬው በሩን ከፍቶ አስወጣቸው።

ቲራ መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። የካቲት ላይ መሳቋን ተወች። መጋቢት ላይ እህቷ ራግና በስልክ፣ «ሰውዬው የማይፈልገው ጠረጴዛውን አይደለም» አለቻት፤ ቃሉ እንደ እሾህ ገብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቪጎ አንድ ጠረጴዛ ሥር ባትሪውን አብርቶ ሲያጎነብስ ባየች ቁጥር አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ ይህ ሁሉን የሚያይ ዓይን ማታ ማታ እኔን ሲያይ ምን ያያል?

ያን ቅዳሜ ሃያ ሰባተኛውን ፍለጋ ወጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መንገድ ዳር ድንች በሳጥን ከሚሸጥበት አለፍ እንዳሉ፣ ካርቶን ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ አዩ፤ የቤት ዕቃ በጎተራው ውስጥ አለ ይላል። ቪጎ መኪናውን አዞረ።

ጎተራው ደጃፍ ላይ የቦት ጫማ ያደረገች፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ቆማ የማርማላታ ጠርሙሶች ላይ ዋጋ ትጽፋለች። ሊስቤት እባላለሁ አለች። እናቷ የአረጋውያን መኖሪያ ገብታለች፤ እርሻው ተሽጧል፤ ዕቃው እስከ ወሩ መጨረሻ መውጣት አለበት።

«ጠረጴዛ ከሆነ የምትፈልጉት አንድ አለ» አለች። «ከባድ ነው። ትናንት ሁለት ሰዎች መጥተው ወገባቸውን ይዘው ሄዱ።»

ጠረጴዛው የጎተራው መሐል ላይ ነበር፤ ረጅም፣ ጠቆር ያለ፣ ላዩ በብርጭቆ ክቦችና በቢላ ጭረት የተሞላ። አንደኛው ጥግ ላይ የብረት ምጣድ ያቃጠለው ክብ ጠባሳ አለ። ቲራ፣ ቪጎ እዚህ አንድ ደቂቃ አይቆይም ብላ አሰበች።

ቪጎ ግን ቆመ። አልነካውም፤ መጀመሪያ ዞረው። ከዚያ ዓይኑ ከጠረጴዛው ገጽ ጋር እስኪስተካከል ተቀመጠና ከበሩ የሚገባውን ብርሃን ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር አየው።

«ቀጥ ያለ ነው» አለ።

«ጭረቱስ?» አለች ቲራ፤ ራሷ እንቅፋት ላለመሆን ቀስ ብላ።

«ጭረት ፊት ላይ ነው። ፊት ይታጠባል።» እጁን ከጠርዙ ሥር ሰዶ በጣቶቹ ዳሰሰ። «ነይ እስቲ፣ እዚህ እጅሽን አድርጊ።»

ዳሰሰችው። ማንም የማያየው ያ የውስጥ ጠርዝ እንደ ላይኛው ለስልሷል።

«ሰነፍ ሠራተኛ ፊቱን ብቻ ነው የሚልገው» አለ ቪጎ። «ይሄኛው ከጆሮው ጀርባ ሳይቀር ታጥቧል።» ቀጥሎ የእንጨቱን መስመር በጣቱ ተከተለ፤ መስመሩ ከላይ መጥቶ ጠርዙን አልፎ ወደ ጎን ይወርዳል። ስስ ልጣጭ የተለጠፈበት ቢሆን ኖሮ መስመሩ ጠርዙ ላይ በቆመ ነበር። ከዚያ አንዱን ጥግ በሁለት እጁ ይዞ ከፍ አደረገው፤ የማዶው እግርም ወዲያው አብሮ ተነሳ። «አየሽ? አንድ ሰው ነው። አይጠማዘዝም።»

ጠረጴዛውን የሚያስረዝመውን መጨመሪያ ሳንቃ ከሥር ሳበው። እንደ መሳቢያ ጸጥ ብሎ ወጣና ከጠረጴዛው እኩል ሆኖ ቆመ። ቪጎ በጣቱ አንጓ አንኳኳው፤ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተው፤ በመጨረሻም ጫፉ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና እግሮቹን አወዛወዘ። ቪጎ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ይመዝናል። ጠረጴዛው አላቃሰተም።

ሊስቤት በሩ ላይ ተደግፋ ታየው ነበር። «ጠረጴዛ ነው ወይስ ፈረስ ነው የምትገዙት?» አለች። «ጥርሱን ልታዩለት ከሆነ ልክፈትላችሁ።»

«ጥርሱ ከሥር ነው ያለው» አለና ቪጎ ባትሪውን ከኪሱ አወጣ። ጃኬቱን አውልቆ መሬት ላይ አነጠፈና በጀርባው ተንሸራትቶ ገባ።

ቲራ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰባት ወር ውስጥ ተስፋ አደረገች፤ ለዚያውም ብዙ። ወረቀቱ በቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ በክንዷ ተጫን አድርጋ አረጋገጠች። የባትሪው ብርሃን ከጠረጴዛው ሥር ወዲያ ወዲህ አለና በአንድ ቦታ ቆመ። ቆሞም ቀረ።

ቪጎ ከወጣ በኋላ ጃኬቱን አራግፎ ለበሰ። ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«እንሂድ» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«ተሰንጥቋል?»

«አልተሰነጠቀም።»

«ነቀዝ ነው?»

«ነቀዝ የለውም። ይሄን አንገዛም፣ ቲራ።» ሊስቤትን ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገናትና ወደ ግቢው ወጣ።

ቲራ እዚያው ቆመች። አልተቆጣችም። ራግና ትክክል ነበረች ማለት ነው። ሰኞን አሰበች፤ የስቬንቦርግን ደረጃ፣ የራሷን ቁልፍ፣ ተማሪዋ ትታው የምትሄደውን የሻይ ሽታ። ከዚያ ምን እንደነካት ሳታውቀው፣ ቪጎ ረስቶት የሄደውን ባትሪ አንስታ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ራሷ ከጠረጴዛው ሥር ገባች። ሰባት ወር ሙሉ እሱ ከሥር የሚያየውን አንድ ጊዜ እንኳ አላየችም ነበር።

ከሥሩ ንጹሕ እንጨት ነበር፤ መጋጠሚያዎቹ እንደ ጣቶች የተቆላለፉ። መሐል ላይ በሰማያዊ እርሳስ የተሠመረ ትልቅ መስቀል አለ፤ አጠገቡ ደግሞ በክብ ውስጥ ሰባት ቁጥር።

«ይሄ መስቀል ምንድነው?» አለች ከዚያው ሆና።

የሊስቤት ቦት ጫማ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። «እሱ እኮ ነው ባለ ጠረጴዛ ያደረገን» አለች። «አባቴ የቤት ዕቃ ፋብሪካው ውስጥ እንጨት ማድረቂያው ምድጃ ላይ ነበር የሚሠራው። ስድስት ልጅ ነበርን። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ በሱቁ ዋጋ መግዛት ለእኛ የማይታሰብ ነው። ግን በተቆጣጣሪ የወደቀ ዕቃ ዓርብ ዓርብ በጓሮ በር ለሠራተኛ ይሸጥ ነበር፣ በሩብ ዋጋ። አባቴ ይሄን በፈረስ ጋሪ ነው ያመጣው። አርባ አንድ ዓመት ሆነው።»

«ምን ጉድለት ቢያገኙበት ነው የጣሉት?»

«ማን ያውቃል። መስቀሉንና የተቆጣጣሪውን ቁጥር ብቻ ነው የሚያደርጉት፤ ጥፋቱን አይጽፉትም ነበር። የሠራው ሰው በሰው ፊት እንዳያፍር ተቆጣጣሪው በጆሮው ይነግረዋል ይባል ነበር። አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ፈለገው። እሁድ እሁድ ሥሩ ገብቶ ይተኛል። በመጨረሻ እናቴ፣ ‹ተወው አንተ ሰውዬ፣ ካገኘኸው በኋላ ሌላ ነገር አታይም› አለችውና ተወው።»

ቲራ ከሥሩ ወጣች። ጉልበቷ ላይ ገለባ ተጣብቋል። ሊስቤት የተቃጠለውን ክብ በመዳፏ እየደባበሰች ቀጠለች። «እዚህ ላይ አሳማ ተበልቷል። የእንስሳት ሐኪሙ ውሻችንን እዚህ ላይ ነው የሰፋው። ታላቅ ወንድሜ እዚህ ላይ ተነስቶ ሊሰብክ ሲል ወድቆ ጥርሱን ሰበረ፤ ጠረጴዛው ምንም አልሆነ። የገና በዓል በመጣ ቁጥር አባቴ ብርጭቆውን አንስቶ፣ ‹ለቁጥር ሰባት› ይል ነበር። ማን እንደሆነ አያውቀውም። ያ ሰውዬ ባይጥለው ኖሮ እኛ በሳጥን ላይ እንደበላን እንቀር ነበር ይላል።»

«የምሩን ነበር?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ሁለቱም ዞሩ። ቪጎ ደፉ ላይ ቆሟል።

«ግማሹ ቀልድ ነው» አለች ሊስቤት። «ግማሹ የምር።»

ቪጎ፣ «ሰባት እኔ ነኝ» አለ።

ሊስቤት ከላይ እስከ ታች አየችው። ቲራ አንድ ክፉ ቃል ትናገራለች ብላ ጠበቀች፤ ሴትዮዋ ግን እጇን በሱሪዋ ጠራርጋ ዘረጋችለት፤ ጨበጠችውም። «አባቴ ቢያገኝዎ ይስምዎ ነበር» አለች። «ከዚያ ደግሞ ጉድለቱ ምን እንደሆነ ሳይነግሩት ከዚህ ጎተራ አይወጡም ነበር።»

«አላስታውሰውም» አለ ቪጎ። «በቀን ሦስት አራት እጥል ነበር። ግን አለ። መኖር አለበት። ያለ ምክንያት መስቀል አላደርግም።»

«እንግዲህ ይፈልጉታ» አለች ሊስቤት። «እኛ ቤት ሁሉም ሞክሯል።»

ጃኬቱን እንደገና አወለቀ። በዚህ ጊዜ ፍለጋው ሌላ ነበር። እንደ ቅድሙ በእርጋታ አልነበረም፤ ወርቅ እንደጠፋበት ሰው ነበር። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ ሞከረ። ከመኪናው ውኃ ልኩን አምጥቶ በአራቱም አቅጣጫ አስቀመጠ። ሳንቃውን አሥር ጊዜ አስገብቶ አወጣው። የእንጨት ጉጥ ፈለገ፤ አንድ አገኘ፤ እሱም እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ተቀምጧል፣ የትም አልሄደም። ሊስቤት ድንች ሊገዙ የመጡ ሰዎችን ልታስተናግድ ወጣች። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ከዚያ የባትሪው ብርሃን ጠፋ፤ ቪጎ ግን አልወጣም።

ቲራ ጎንበስ ብላ አየችው። ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

እሷም ገባች። ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ጭንቅላታቸው ሳንቃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«አላገኘሁትም» አለ።

«ስለዚህ?»

«ወይ አሁን ዓይኔ ደክሟል፤ ወይ ያኔ ተሳስቻለሁ።»

«የትኛው ይሻልሃል?»

«ሁለቱም አይሻለኝም።»

ቲራ ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው። ውጪ ሊስቤት ከአንድ ሰው ጋር በድንች ዋጋ ስትቀላለድ ይሰማል። ቲራ ዓይን አፋር ናት፤ ትልልቅ ነገር መናገር አይሆንላትም፤ ሰው ፊቷን እያየ ከሆነ ጭራሽ። እዚህ ጨለማ ውስጥ ግን ሁለቱም የሚያዩት በበሩ በኩል የሊስቤትን ቦት ጫማ ብቻ ነበር።

«ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀት አለ» አለች። ስለ ቤቱ፣ ስለ ሰኞ፣ ጧት በልቧ ስለቆረጠችው ነገር ነገረችው። አሳጥራ፣ ድምፅዋን ሳትለዋውጥ። «ባዶ እጃችንን ከተመለስን አልፈርምም ብዬ ነበር።»

ቪጎ ወደ እሷ ዞረና ጭንቅላቱን ከሳንቃው ጋር አጋጨ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን ሃያ ስድስት ጠረጴዛ ጣልክ? እኔ እኮ ጠረጴዛው የሚጣለው እኔን መጣል ስላልሆነልህ መስሎኝ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ገልብጠህ የምታየኝ ይመስለኝ ነበር።»

«አንቺን?» ቪጎ ጭንቅላቱን አሻሸ። «እኔ እኮ ቤትሽን እንዳልለቀቅሽ አውቃለሁ። ቁልፉን ከመኪና ቁልፍሽ ጋር አስረሽ ነው የምትይዢው። በየቀኑ አየዋለሁ። ስለዚህ የሚነቃነቅ ነገር ከእኔ ቤት ውስጥ ባይኖር አልኩ። አንድ ነገር ሲላቀቅ ብታዪ ‹ይኸው› ብለሽ ጓዝሽን ትይዢያለሽ ብዬ... እንከን የሌለው እስካገኝ ነበር።»

«ሰው በጠረጴዛ እግር ምክንያት ይሄዳል?»

«አላውቅም። የእኔ ሥራ ጠረጴዛ ነው። ሰው አልተማርኩም።»

ይህን ጊዜ ቲራ ሳቀች፤ እሱም ቀስ ብሎ ተከተላት። ሳቃቸው ከሳንቃው ሥር ጎልቶ ተሰማ።

ሊስቤት ከውጪ፣ «አገኛችሁት?» ብላ ጮኸች።

«የለም» አለ ቪጎ። ከዚያ ባትሪውን አብርቶ ሰማያዊውን መስቀል አንዴ በደንብ አየው። እርሳሱ ደብዝዟል፤ መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነው። «ተሳስቼ ነበር» አለ። ይህን ቃል ሲናገር ቲራ ሰምታው አታውቅም። አፉ ውስጥ እንግዳ ሆኖበት ሁለት ጊዜ ደገመው።

ከሥሩ ወጥተው ቆሙ። ሊስቤት ስምንት መቶ ክሮነር አለች፤ ቪጎም ስምንት መቶ ለዚህ ጠረጴዛ ስድብ ነው ብሎ ዋጋውን ወደ ላይ ሊከራከር ጀመረ። ሻጭዋ ልትቀንስ፣ ገዢው ሊጨምር አንድ ሰዓት ሊፈጁ ሲሆን ቲራ በሺህ ጨረሰችላቸው። ከዚያ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣችና ከብርጭቆው ክቦች መሐል ደልዳላ ቦታ ፈልጋ ዘረጋችው። እስክሪብቶ አልነበራትም። ሊስቤት ዋጋ የምትጽፍበትን ወፍራም ጥቁር ቀለም ሰጠቻት፤ ፊርማው እንደ ማስታወቂያ ሆኖ ወጣ፣ የማኅበሩን ኃላፊ ስም ሳይቀር ሸፈነው። ቪጎ የጃኬቱን አዝራር ሲቆልፍ አንዱን አሳስቶ ነው የቆለፈው፤ ቀኑን ሙሉም እንደዚያው ዋለ።

ሊስቤት ተሳቢዋን አዋሰቻቸው። ጠረጴዛው እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ በሸራና በገመድ ታስሮ፣ በቀስታ ፎቦርግ ገባ። ጎረቤቶች አጥር ላይ ቆመው አዩት። ሁለት ጎልማሶች ሳይጠሩ መጥተው አወረዱት፤ እስከ ወጥ ቤቱ በር ድረስም ተሸከሙት።

በሩ ላይ ቆሙ።

ወርዱን አዘነበሉት፤ አልገባም። አቆሙት፤ አልገባም። እግሩን አስቀድመው፣ ቀጥሎ ጥጉን አስቀድመው ሞከሩ። ከጎልማሶቹ አንዱ ላቡን እየጠረገ፣ «ቪጎ፣ በሩን ለካኸው?» አለ።

ቪጎ ኪሱን ዳበሰ። ሜትሩ እዚያው አለ። ሠላሳ አራት ዓመት ያልተለየው ሜትር ነው። ጠረጴዛውን በርዝመት፣ በወርድ፣ በሰያፍ ለክቶታል፤ የራሱን በር አልለካም።

«ሰባት ወር አስቦበት!» አለ ሁለተኛው፤ ሁሉም ሳቁ። ቲራ የቪጎን ፊት አየች፤ ተሳስቼ ነበር የሚለው ቃል በአንድ ቀን ሁለተኛ ዙር ይወጣው ይሆን ብላ። እሱ ግን ቤቱን ዞሮ መስኮቱን እያየ ነበር።

«መስኮቱ ይነቀላል» አለ።

መስኮቱ ተነቀለ። ብሎኖቹ ለብዙ ዓመት ቀለም ሲቀቡ ስለኖሩ አንድ ሰዓት ፈጀ፤ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ከአንድ ወገን ሁለት፣ ከሌላው ሁለት ሆነው ሲገፉት እንደ ጀልባ ተንሸራትቶ ገባና ባዶው ቦታ ላይ አረፈ። ወጥ ቤቱ ወዲያው ትንሽ መሰለ። ጎልማሶቹ ቢራቸውን ጠጥተው ሄዱ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ በግንቦት ዘግይታ ነው የምትጠልቀው። መስኮቱ ግን ዛሬ ተመልሶ እንደማይገጠም ግልጽ ስለነበር የባሕሩ ነፋስ እንዳሻው ይገባል።

ጃኬታቸውን እንደለበሱ ተቀመጡ፤ እሷ በአንደኛው ጫፍ፣ እሱ በሌላኛው። ከዚያ በጣም እንደተራራቁ አይተው ቲራ ሳህኗን ይዛ ወደ እሱ ጥግ መጣች። ጥቁር ዳቦ፣ በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ፣ የተቀቀለ እንቁላል። ቅቤው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጨው ለማንሳት ክርኗን ስታስደግፍ ጠረጴዛው አንድ ጊዜ፣ በጣም ጥቂት፣ ተነቃነቀ።

 ቪጎ ቢላውን አስቀመጠ። አጎንብሶ አንደኛውን እግር፣ ከዚያ የተቀመጠበትን ንጣፍ አየ፤ እጁን መሬቱ ላይ አሳረፈና ቀና አለ።

«ጠረጴዛው አይደለም» አለ። «ወለሉ ነው።»

«የማን ወለል?»

«የእኔ።» ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «የእኛ።»

«እንግዲህ ወለል ልንገዛ ስንት ቦታ ልንዞር ነው?» አለች ቲራ።

ቪጎ ዳቦውን አነሳ፤ ቅቤውንም ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። «ወለሉ ይቆይ» አለ። «ብዪ፣ ዓሣው ሳያልቅ።»